መዝገቡን አሳዩኝ በሉ

ጎንደር ላይ ሥዕል ለምትሠሩ ልጆች ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ለኤግዚቢሽን ሥዕል ስሰቅልና ሳወርድ ስለሆነ ትንሽ ብነዘንዛችሁ ቻሉኝ።

ብዙዎቻችሁ ጋለሪን የምታዩት እንደ ሱቅ ነው። መሸጡን ይሸጣል። እኔ ግን ትልቁ ሥራው መዝገብ ነው ባይ ነኝ፦ ሥዕሉን ማን ሠራው፣ መቼ፣ በምን ቀለም፣ ከዚያስ ማን እጅ ገባ?

የከተማችንን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ታውቃላችሁ? የጥንቶቹ ሠዓሊዎቻችን ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ጨርቅ ላይ ይሥሉ ነበር፤ ጨርቅ ደግሞ ይላጣል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን መጣና ሥዕሎቹን ከግድግዳው አላቆ፣ በምትካቸው የራሱ ሠዓሊ የሠራውን ቅጂ ለጥፎ፣ ዋናዎቹን ይዞ ፓሪስ ገባ። ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። እኛ ዘንድ የቀረው ቅጂው ነው።

የዘመናዊው ሠዓሊ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በስደት እያለ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ጀርመን አገር በደንብ ተይዘው የቆዩ ሥዕሎቹ ግን ተመልሰው መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። የማን እንደሆኑ ባይታወቅ ኖሮ ማን ብሎ ይመልሳቸዋል?

ስለዚህ ሥዕሉ ሲደርቅ ገልብጡት። ከጀርባው፣ እንጨቱ ላይ ሳይሆን ሸራው ጠርዝ ላይ (እንጨት ይቀየራል)፣ ስማችሁን፣ ርዕሱን፣ ልኩንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ፎቶ አንሱት። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ስማቸውን አልጻፉም፣ እነሱ ለእግዜር ነው የሠሩት። እናንተ የቤት ኪራይ አለባችሁ።

ጋለሪ ስትመርጡ በመብራቱና በነጭ ግድግዳው አትሸወዱ። መዝገቡን አሳዩኝ በሉ። ሥዕሉን ስታስረክቡ ዋጋው፣ የኮሚሽኑ (ጋለሪው ከሽያጩ የሚወስደው ድርሻ) መጠንና ሥዕሉ የሚመለስበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይፈረምላችሁ፤ «እንተዋወቅ የለ እንዴ» የሚል ካለ ሥዕላችሁን ይዛችሁ ውጡ። ኮሚሽኑ ሲበዛ እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ግን የገዢውን ስም የሚጽፍ፣ ከዓመታት በኋላ ለትልቅ ኤግዚቢሽን ሥዕሉ ሲፈለግ «እዚህ ቤት ነው ያለው» የሚል ጋለሪ ካገኛችሁ ይገባዋል።

እናንተም ታመኑለት። እሱ ዘንድ የተሰቀለውን ዓይነት ሥዕል ፋሲል ግቢ በር ላይ ለቱሪስት በግማሽ ዋጋ ከሸጣችሁ በሳምንቱ ይሰማል፣ ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት።