ጣሪያዋ ስለሚታጠፈው ቮልስ ጠይቃችሁኛል

ባለ ሸራዋን ቮልስ በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። በጣም የምወዳት መኪና ስለሆነች ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተራዋን ቮልስ ጣሪያ ቆርጠው ነው የሠሯት?

መልስ፦ ቆርጠው ብቻ ቢተዉት ኖሮ መሃሏ ይጎብጥ ነበር። ጣሪያ ከዝናብ ማስጠለል ብቻ አይደለም ሥራው፤ የመኪናውን ፊትና ኋላ አያይዞ የሚይዘውም እሱ ነው። ስለዚህ በጀርመን ኦስናብሩክ ከተማ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ከበሮቹ ሥር ተጨማሪ ብረት አስገባባት። ብረት ጣሪያ የሌላት ቮልስ ጣሪያ ካላት የምትከብደው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ስነግረው አያምነኝም።

ጥያቄ፦ ሸራው ብርድ አያስገባም?

መልስ፦ ስስ ድንኳን አይምሰላችሁ። በውጭውና በውስጡ ጨርቅ መካከል ወፍራም ሙሌት አለው። የኋላ መስኮቱም እውነተኛ መስታወት ነው። ውፍረቱ ግን መዘዝ አለው፤ ሲታጠፍ ከኋላ ወንበር በላይ ይቆለላል፣ ሹፌሩም ወደ ኋላ ማየት ይቸግረዋል። ለኔ ግን ያ ክምር ነው ውበቷ። ከሩቅ የምለያት በሱ ነው።

ጥያቄ፦ የሞተር ክዳኗ ላይ ያሉት ክፍተቶች ለጌጥ ናቸው?

መልስ፦ ኧረ አይደሉም! የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር እንጂ በውሃ አይደለም። ተራዋ ቮልስ አየር የምትስበው ከኋላ መስታወቷ ሥር ነው። በዚህችኛዋ ላይ ያንን ቦታ የታጠፈው ሸራ ይዞታል። ስለዚህ የአየር መግቢያውን ወደ ክዳኑ አወረዱት። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እስከ መቼ ተሠራች?

መልስ፦ ከ1949 እስከ 1980፤ ከ330,000 በላይ። ባለ ጣሪያዋ ጀርመን ውስጥ መመረቷ በ1978 ሲቆም እሷ ቀጥላ ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ ልገዛ ነው። ምኗን ልይ?

መልስ፦ ቀለሟን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። መጀመሪያ በሩን ከፍተህ ዝጋው። አልገጥም ካለህ፣ ወይም ዙሪያው ያለው ክፍተት ላይና ታች እኩል ካልሆነ፣ ከሥር ያለው ብረት ዝጎ መሃሏ እየጎበጠ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ቢደክም ወርዶ ይሠራል፤ ይህን ብረት መቀየር ግን ከባድ ነው። ቦዲው ሳይደገፍ ከተቆረጠ ይዛባል፣ በሩም ዳግመኛ አይገጥምም። ምንጣፉን አንሳና በእጅህ ዳስሰው። ሸራውንም አንተው ራስህ አጥፈህ መልሰው።