ቦርከና ዳር ቤት ከመያዝዎ በፊት

ጥያቄ፦ ደሴ የምንኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ብርዱ መገጣጠሚያዬን ስለያዘኝ ከባለቤቴ ጋር ወደ ሐርቡ ወይም ወደ ከሚሴ ወርደን ቤት ልንገዛ አስበናል። በጥር ሄደን አየን፤ አየሩም ወንዙም ደስ አለን። ከመወሰናችን በፊት ምን እንመርምር?

መልስ፦ ጥር ለቦርከና ወንዝ ሸለቆ ከምርጥ ወሮቹ አንዱ ነው። በጥር ብቻ ያዩትን ከተማ ገና አላዩትም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ይመለሱ፤ አንዴ በግንቦት መጨረሻ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አንዴ በነሐሴ አጋማሽ ወንዙ ሲሞላ።

ሙቀቱን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። 1,000 ሜትር በወረዱ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850፣ ከሚሴ ደግሞ 1,450 አካባቢ ናቸው። ደሴ 22 ዲግሪ በሆነበት ቀን ከሚሴ 28 ይጠብቁ። ለመገጣጠሚያዎ የሚስማማው ሙቀት እንቅልፍ ሊነሳዎት ስለሚችል ቤቱን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ገብተው ሩብ ሰዓት ይቀመጡበት። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በዚያ ሰዓት ራሱን ያጋልጣል። ኮርኒሱ ከፍ ያለና በትይዩ ግድግዳዎች መስኮት ያለው ቤት ይሻላል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ጎርፉ ነው። ቦርከና ከላይ ከደሴ በኩል ስለሚወርድ፣ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። በእኛ እምነት በሐርቡና በከሚሴ መካከል ከመምረጥ ይልቅ ቤቱ ከወንዙ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ማወቅ ይበልጣል። ርቀት ያታልላል፤ ሜዳ ላይ ጎርፍ 200 ሜትር ቢርቁትም ይደርሳል። በወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ጭድና ፌስታል፣ በድልድይ ምሰሶና በአሮጌ ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር ይፈልጉ። በሰፈሩ የቆዩ ሁለት ሰዎችን ለየብቻ “ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?” ብለው ይጠይቁ፤ መልሳቸው ከተገጣጠመ ይመኑት።

ምልክቱን ካገኙ በኋላ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን የውሃ ልክ ይዋሱ። 20 ሜትር የሚያህል ብርሃን የሚያሳይ ጎማ በውሃ ይሙሉና ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ይያዟቸው፤ ውሃው እኩል ካልቆመ ውስጡ አየር ስላለ መታ መታ አድርገው ያስወጡት። አረፋ ከቀረ ልኩ ይሳሳታል። ከዚያ በአንደኛው ጫፍ ያለው ውሃ ከጎርፉ ምልክት ጋር እንዲገጥም አድርገው ሌላውን ጫፍ ወደ ቤቱ ይውሰዱ፤ ቤቱ ከራቀ በየመሃሉ ችካል እየተከሉ ልኩን ያሻግሩ። የቤቱ ወለል ከዚያ ልክ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ካላለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይለፉት። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ በውጭኛው ዳር ያለ ቤትም እንዲሁ ይቅርብዎ፤ ውሃው በየክረምቱ የሚቦረቡረው ያንን ዳር ነው። የዛፍ ሥር ተገልጦ፣ የአጥር እንጨት በአየር ላይ ቀርቶ ካዩ ማስረጃው እሱ ነው።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከመስኮት ጥግ የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነው። በ1953 ዓ.ም ማጀቴን ያፈራረሰውና ካራ ቆሬን የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥም የደረሰው ከከሚሴ በስተ ደቡብ፣ ብዙ ሳይርቅ ነው። ብሎኬት ቤት ከሆነ ቶፕ ታይ ቢም (ግድግዳውን ከአናቱ ዙሪያውን የሚያስር የኮንክሪት ቀበቶ) እንዳለው ሳይጠይቁ አይግዙ።

ወባ ደሴ ላይ እምብዛም አላሳሰባችሁም ይሆናል፤ እዚያ ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው ወቅቷ ነው። ለየአልጋው አጎበር፣ ለመስኮቱ ወንፊት ያስፈልጋል። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ጎረቤት ይጠይቁ። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢያስቡ፣ በ5 ቀን አንዴ ለሚመጣ ውሃ ሁለታችሁ ቢያንስ 200 ሊትር ማጠራቀም አለባችሁ። በርሜሉም ሮቶውም በደንብ ይከደን፤ ከ2009 ዓ.ም ወዲህ በአገራችን የታየው አዲስ የወባ ትንኝ ዝርያ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ይራባል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ካልዋኘን ይላሉ። ልከልክላቸው? ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አዎ እህታችን፣ ይከልክሏቸው። ከኮምቦልቻ በታች ወንዙ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀልበታል። በዚያ ላይ በሸለቆው ቢልሃርዝያ አለ። ተሸካሚዋ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውሃው ዝግ በሚልበትና ሣር ባለበት ዳር ትኖራለች፤ ከእርሷ የሚወጣው ጥገኛ ተውሳክ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በምትበረታበት ከ4 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ልጆች የሚዋኙትም ያኔ ነው። የወንዝ ውሃ ለገላ ካስፈለገ በተከደነ ዕቃ 2 ቀን አስቀምጦ መጠቀም ተውሳኩን ይገድለዋል፤ ለመጠጥ ግን ይህ አይበቃም። እስከ ዛሬ የዋኙት ልጆች ከመጨረሻው ዋና 2 ወር ገደማ በኋላ ሰገራቸው ይመርመር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ልክ ስለሚሰጥ ከጤና ጣቢያ እንጂ በግምት አይውሰዱ።

ለመዝናኛ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ አለ፤ ጀልባ ይሻላል፣ ሣር የበዛበትን ዳር ግን ልጆቹ አይርገጡ። በሐርቡና በከሚሴ መካከል ያለው የጨፋ ረግረግም በማለዳ ለወፍ ማየት ግሩም ነው፤ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ማየት ይበቃል።

ጥያቄ፦ አስፋልት ዳር ቤት በርካሽ አገኘሁ። ደኅንነቱስ? ከሐርቡ

መልስ፦ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደው መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና ሌሊትም አያቆምም። በቁልቁለት ማብቂያ ወይም በኩርባ ውጭኛ ጎን ከሆነ ይተዉት፤ ፍሬን የከዳው መኪና የሚወጣው ወደዚያ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በሰፈሩ ይዘዋወሩ፤ መብራት አለ? ሱቅ ክፍት ነው? ሴቶች ብቻቸውን ይሄዳሉ? የሰሞኑን ጸጥታ ከደላላው ሳይሆን በማታ ከሚሠሩ የባጃጅ ሾፌሮችና ከቀበሌው ይጠይቁ። በሌሊት ሕመም ቢመጣ ደሴ የሚያደርስ መኪና ማን እንዳለውም ስልኩን ጭምር ይዘው ይመለሱ።