«መጦሪያ» ስትላቸው የሰሙት ሌላ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን አሜሪካ ሜሪላንድ የምኖር ሰው ነኝ። አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው አሮጌ ቤታችን ብቻቸውን ናቸው ማለት ይቻላል፤ የአክስቴ ልጅ እየተመላለሰች ታበስልላቸዋለች። ጁምዓ ሸዋ በር መስጊድ ይሰግዳሉ፤ ክርስቲያኗ ጎረቤታችንም ቡና ስታፈላ ትጠራቸዋለች። ነሐሴ ላይ ለሱብሂ ሶላት ሊታጠቡ፣ ዉዱእ ሊያደርጉ በጨለማ ወጥተው ግቢው ውስጥ ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። እስኪነጋ ድረስ ያነሣቸው ሰው አልነበረም።

እኔ እዚህ የምሠራው አሲስትድ ሊቪንግ በሚሉት ቤት ነው። አዛውንቶቹ የየራሳቸው ክፍል አላቸው፣ ቁልፉ በእጃቸው ነው። መድኃኒት የሚያስታውሳቸው፣ ገላቸውን ሲታጠቡ የሚያግዛቸው፣ ሌሊት ደወል ሲጫኑ የሚደርስላቸው ሰው አለ። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ስጦር እየዋልኩ የራሴ አባት ጭቃ ላይ ወድቀው መቅረታቸው አልዋጥልኝ አለ። አዲስ አበባ ተከፍሎ የሚገባበት ጥሩ ማዕከል አገኘሁና «ወጪውን እኔ እችላለሁ» አልኳቸው። «ልጆች እያሉኝ መጦሪያ?» ብለው ስልኩን ዘጉት። ሦስት ሳምንት ሆነ፣ አያነሡም። ወንድሞቼ «ተዋቸው፣ አላህ ያውቃል» ይላሉ፤ ግን አይከፍሉም፣ አብረዋቸውም አያድሩም። ተሳስቻለሁ?
— ልጃቸው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ትክክል ነው። አንድ 81 ዓመት የሞላው ሰው ጭቃ ላይ ወድቆ ንጋትን መጠበቁ «አላህ ያውቃል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሰውየውን ያስከፋቸው ግን ሐሳብህ ብቻ አይመስለኝም፣ ቃሉ ነው።

እስቲ አስበው። አገር ቤት ዱአ ሲደረግ፣ ቡና ሲጠጣ፣ ትልልቆች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ጧሪ ማለት ልጅ ነው፣ ማለትም አንተ። «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» የሚባለው ደግሞ ሁሉም ያለቀበት ሰው ነው። አንተ ስልክ ደውለህ «መጦሪያ» ስትላቸው ያንተን የሥራ ቦታ፣ ቁልፉንና ደወሉን አላዩም። እሳቸው የሚያውቁት በቴሌቪዥን የሚያዩትን ነው፤ መቄዶንያን የመሰሉ፣ ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንን እያነሡ የሚጦሩ ቤቶችን። የተቀደሰ ሥራ ነው፣ ግን የተሠራው ሰው ለሌለው ሰው ነው። ስለዚህ የሰሙት «ልጅ የለህም» የሚል ነው። ስልኩን ቢዘጉ አይገርመኝም።

ሁለተኛው ነገር ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ ነው። ይኼን አንተም ታውቃለህ፣ ርቀህ ስለቆየህ ግን ሳትረሳው አትቀርም። አባትህ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ቀብር የቆሙ፣ ድንኳን የተከሉ፣ ያዋጡ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ቢሞቱ ማን ይቆምላቸዋል? ጁምዓ ሸዋ በር መስጊድ ሲቀሩ «ዛሬ የት ቀሩ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። ክርስቲያኗ ጎረቤት ቡና አፍልታ ትጠራቸዋለች። ይሄ በክፍያ አይገኝም።

እኔም አባቴን ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ አምጥቼ ነበር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ይወጡና ለሚያልፈው ሁሉ «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ። ከአራተኛ ፎቅ ማን ይሰማል? ሁለት ወር ሳይሞላ ራሴ አሳፍሬ መለስኳቸው።

ስለዚህ ለጊዜው ማዕከሉን ተወው። ይልቅ ያን ሌሊት በደንብ አጥናው፣ የሙያህ ነገር ስለሆነ ካንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ለምን ወጡ? ውኃው ውጪ ስለሆነ ነው። እንግዲያው ማስታጠቢያና የሞላ ጆግ ከአልጋቸው አጠገብ ይደር፤ ዉዱእ እዚያው ተቀምጠው ያደርጋሉ። መቆም ሲከብድ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድ እሳቸው ካንተም ከኔም በላይ ያውቃሉ። ማታ ፖፖ ይቀመጥላቸው፤ መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ይለምዱታል። ከአልጋ ሲነሡ ወዲያው አይቁሙ፣ እግራቸውን አውርደው ትንሽ ይቀመጡ፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ብድግ ሲሉ ራስ ያዞራል። ከመድኃኒታቸው መካከል የሚያሸና ካለ ደግሞ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚውጡት ጠይቅ። ማታ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስነሣቸው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪማቸው ወደ ጠዋት ሊያዛውረው ይችላል። ያለ ሐኪም ግን እንዳትነኩት። ዓይናቸውንም አሳዩ። ሞራ ጋርዷቸው ከሆነ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ ቅርባቸው ነው። ከበሩ እስከ ሽንት ቤት የሚያዝ ብረት ግድግዳው ላይ ይገጠም። መብራት ሲጠፋ የሚበራ የቻርጅ አምፖል ይገዛ። ይሄ ሁሉ ተደምሮ የማዕከሉን የጥቂት ወር ክፍያ የሚያህል አይመስለኝም።

የሚያድር ሰው ግን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አልደራደርም፣ አባትህም ይቺን መቀበል አለባቸው። ቤታቸው መቆየት ከፈለጉ ሌሊት ብቻቸውን ማደር ይቅር። ይሄን ደግሞ ባንተ አፍ ሳይሆን እሳቸው በሚያከብሩት የቅሬ ሽማግሌ ወይም በመስጊዱ ኢማም ንገራቸው።

የአክስትህን ልጅ በአንድ መስመር አለፍካት። «እየተመላለሰች ታበስላለች» አልክ፣ አለቀ። እሷ ናት እኮ እስካሁን አባትህን የያዘችው! አንተ ለምትሠራው ሥራ ደመወዝ ይከፈልሃል፤ እሷስ? ወንድሞችህም «ተዋቸው» ማለት የሚችሉት እሷ ስላለች ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ልጅ ለወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል፤ ቀለብ ሲልም ምግብን ብቻ አይደለም፣ መጠለያንም ሕክምናንም ጭምር ነው። ፍርድ ቤት ሂዱ እያልኩ አይደለም። ወንድሞችህን በአንድ ላይ ደውልላቸውና በየወሩ ማን ስንት፣ ማን የትኛውን ሌሊት ብላችሁ በቁጥር ተነጋገሩ።

ማዕከል ፈጽሞ አይሆንም ማለቴም አይደለም። መርሳት ጀምረው ሌሊት በር ከፍተው መሄድ ካመጡ፣ ወይም ለማንሣት ሁለት ሰው የሚያስፈልጋቸው ከሆነ፣ አንዲት ልጅ አትችለውም። ያኔ ግን ራስህ መጥተህ እጃቸውን ይዘህ ቦታውን አሳያቸው። ሌሊት ስንት ሠራተኛ እንደሚያድር እሳቸው እየሰሙ ጠይቅ። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም።

አሁን ለጎረቤቷ ደውልና ስልኳን ለአባትህ ትስጥልህ። መጀመሪያ «አውፍ ይበሉኝ» በላቸው። ስለ ማዕከሉ ምንም አታንሣ። «አባ፣ ሌሊት ሲነሡ የሚከብድዎት ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቃቸውና ዝም ብለህ አድምጥ። ከዚያ ለአክስትህ ልጅ ደውልላትና የወር ደመወዝ ወስንላት፣ ከዚህ ወር ጀምሮ።