ጃክ ሀመሩ ከቤቶኑ ሲነሳም መምታቱን ካላቆመ

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፈልን ወጣት፣ ሶሌታ (የቤቶን ንጣፍ) የሚሰብርበት ጃክ ሀመር ከቤቶኑ ላይ ቢያነሳውም መምታቱን አያቆምም። ማታ ማታ ደግሞ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ ሲል ጠይቋል።

ወንድሜ፣ በደንብ ይገናኛሉ።

ውስጡ በሞተሩ የሚመላለስ ፒስተን አለ። መቺውን ብረት ግን ፒስተኑ አይነካውም። መሃላቸው የሚታመቀው አየር ነው የሚወረውረው። መሣሪያውን ስታነሳ ፑንታው (ቤቶኑን የሚወጋው ብረት) ወደፊት ይንሸራተታል፣ መቺውም ይከተለውና አንድ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ይይዘዋል። ያኔ የሲሊንደሩ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ አየሩ ያመልጣል፣ ፒስተኑ በባዶ ይመላለሳል። መልሰህ ስትጫን መቺው ወደኋላ ተገፍቶ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ምቱ ይጀምራል።

ያንተው ኦሪንግ ያለቀ ወይም የደረቀ ይመስለኛል። መቺውን መያዝ ስላቃተው በባዶ ይመታል። ቤቶኑ ያልተቀበለው ምት ደግሞ ወደ ፑንታ መያዣው፣ ወደ ቦዲውና ወደ እጅህ ነው የሚመለሰው።

ከመፍታትህ በፊት ቀላሉን እይ። ሶኬቱን ንቀል፣ ፑንታውን በእጅህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አንቀሳቅሰው። ካልተንሸራተተ ጭራው ተደፍጥጧል ወይም አቧራና ግራሶ ተቦክቶ ይዞታል። ጠርገህ ጭራውን ስስ ግራሶ ቀባው። እባክህ ውስጡን በግራሶ አትጠቅጥቀው፣ እነዚያን ቀዳዳዎች ይደፍንብሃል። ፑንታው በነፃነት ከተንሸራተተ ግን ይፈታ። አንዴ ከተፈታ ኦሪንጎቹን በሙሉ ለዚያው ሞዴል በተሠሩት ቀይር፤ በዓይን ተመሳሳይ የሆነ አይበቃም።

እጀታውንም ፈትሽ። ንዝረት የሚቀንስ እጀታ በሞላ ወይም በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው። ስትገፋው ትንሽ ገባ ብሎ መመለስ አለበት። ሙሉ ክብደትህን ከጣልክበት ግን ሞላው እስከ መጨረሻው ይታመቅና ንዝረቱ እንዳለ እጅህ ላይ ይመጣል። ወለል ላይ መሣሪያው በራሱ ክብደት ይሥራ፤ አንተ ምራው ብቻ።

ድሬ ላይ ሙቀቱ ሳይበረታ ለመጨረስ ጠዋት ያለ እረፍት መምታት የተለመደ ነው። ይሄ ያሳስበኛል። በአውሮፓ ሕግ የ8 ሰዓት ሥራ የንዝረት ጣሪያ 5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። 10 የሚያነዝር መሣሪያ ያንን በ2 ሰዓት ይሞላዋል። ስለዚህ ከጓደኛህ ጋር ተፈራረቁ። ድንዛዜው አድሮ ጠዋትም ካለ፣ ወይም ጣትህ ከነጣ፣ ሥራውን አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ፤ የተጎዳ ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል።