ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ሴንሰሩ ለክፍል ልጆች ለማስረዳት፦ ከራሴ ስሕተት ያገኘሁት ትምህርት

ውድ እህቴ፣ ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጅዎ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለባት፣ ከውጭ የተላከላትን ሴንሰር (ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን እየለካ ቁጥሩን ወደ ስልክ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ) ማድረግ እንደጀመረችና መምህሯ ለክፍሉ ልጆች የሚያስረዱበት አንድ ክፍለ ጊዜ እንደሰጡዎ ገልጸው፣ ከምን ልጀምር ብለው ጠይቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም በልጄ ክፍል ፊት ቆሜ ስለነበር፣ ያን ጊዜ የሠራሁት ስሕተት በእርስዎ ልጅ ላይ እንዳይደገም ያየሁትን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

1. ከመሣሪያው አይጀምሩ። ልጆቹ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልጉት «ይጋባል ወይ?» የሚለውን ነው። የልጄን የውኃ ኮዳ ለሳምንታት ማንም አልነካለትም ነበር፤ ይህንንም የሰማሁት ከእርሱ ሳይሆን ከጎኑ ከምትቀመጠው ልጅ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እንደማይጋባ፣ ከረሜላ በማብዛት የመጣ እንዳልሆነ፣ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን (በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቆጣጠረውን ሆርሞን) የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ስላጠፋ ኢንሱሊኑን በመርፌ መውሰድ ግዴታ እንደሆነ በአጭሩ ይንገሯቸው። በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ እንደነበረና ከዚያ በፊት እንዲህ የታመመ ልጅ የመኖር ተስፋ እንዳልነበረው ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

2. ቁጥር ብቻ አያስተምሩ። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ይህ ነው። «ስልኩ ላይ ከ70 በታች ካያችሁ ስኳሩ ወርዷል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደኅና ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ (ቁጥሩ በአንድ ዴሲ ሊትር ውስጥ ያለው ስኳር በሚሊ ግራም ነው)፤ መምህሩም ማስታወሻቸው ላይ ገለበጡት። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ እንደተመለሱ፣ ልጄ እጁን አውጥቶ «ስኳሬ እየወረደ ነው» አለ። መምህሩ ስልኩን አዩት፤ 84 ይላል። እኔው በጻፍኩት መሠረት «ደኅና ነህ፣ ተቀመጥ» አሉት። ከቁጥሩ አጠገብ ያለችው ቀስት ግን ቀጥ ብላ ወደ ታች ታመለክት ነበር፤ ይህም ስኳሩ በየደቂቃው ከ2 ነጥብ በላይ እየወረደ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ በመሆኑ፣ በተለይ ስኳሩ በፍጥነት ሲለዋወጥ፣ ከደሙ በደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ያች ከጎኑ የምትቀመጠው ልጅ ሸሚዙ በላብ መራሱን፣ እርሳሱም ከጣቶቹ መካከል ሁለት ጊዜ መውደቁን አይታ ሳታስፈቅድ ወደ ቢሮ ሮጠች። እዚያ ባስቀመጥነው መለኪያ ጣቱን ሲወጉት 52 ነበር። መምህሩን አልወቀስኩም፤ ያደረጉት እኔ ያስተማርኳቸውን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አስፈቅጄ ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን የያዝኩት ሻይ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ስኳር ጨምሬ ሳላማስል አንዱን ልጅ ከላይ ሳቀምሰው «አይጣፍጥም» አለ፤ ካማሰልኩት በኋላ ግን ጣፈጠው። ስኳሩ ቀድሞም ብርጭቆው ውስጥ እንደነበረና እርሱ የቀመሰበት ቦታ ለመድረስ እንደዘገየ፣ በደም ውስጥ የሚሆነውም ለውጥ ሴንሰሩ ዘንድ ዘግይቶ እንደሚደርስ ገባቸው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሌላ ነው፦ ልጁ ወረደብኝ ካለ፣ ወይም ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ስልኩ ምንም ቢል የሚታመነው ልጁ ነው። ወዲያው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ባለ ስኳር ለስላሳ ይጠጣል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ በጣት ይለካል። ቸኮሌት አይሆንም፣ ስቡ ያዘገየዋልና። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይደረግም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ብቻውን ወደ ቢሮ ፈጽሞ አይላክም።

3. የስልኩን ጉዳይ ከክፍለ ጊዜው በፊት ከአስተዳደሩ ጋር በጽሑፍ ይጨርሱ። ሲም ካርድ የሌለው አሮጌ ስልክ ለልጄ ሰጥቼው ሳለ፣ አንዲት ኃላፊ «ስልክ ክልክል ነው» ብለው ነጥቀው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ብሄድ ማኅተም የለውም ብለው ሳያነቡት መለሱልኝ፤ በማግስቱ ሆስፒታል ስሄድ ማኅተሙን የያዘችው ሠራተኛ አልገባችም ተባልኩ። የእኛ ሴንሰር ማንቂያ ድምፁን የሚያሰማው ስልኩ በ6 ሜትር አካባቢ ውስጥ ሲሆን ነው፤ ካልተነበበም የሚይዘው የ8 ሰዓት መረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ክንዱ ላይ ሴንሰር እያለ ያለ ማንቂያ ተማረ። እርስዎ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ያስጽፉ፣ አንዱ ላይ ተቀብለናል ብለው እንዲፈርሙልዎ ያድርጉ፣ ልጅዎ በትምህርት መካከል ሽንት ቤት እንድትሄድና እንድትበላ የሚፈቅድ መስመርም ያስገቡበት፤ ስኳሯ ሲወጣ መጠማትና ሽንት ማብዛት ስለሚኖር ይህ እንደ ረብሻ ሊቆጠርባት አይገባም።

ዘንድሮ ህዳር 5፣ በዓለም የስኳር ሕመም ቀን፣ የልጄ ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው ጽፈው በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አቅርበዋል። ያች ወደ ቢሮ የሮጠችው ልጅ «ቁጥሩን ስታዩ ቀስቷንም እዩ» ብላ ስታነብ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ እንባዬንም አልደበቅሁም።

ሌላው፣ ክንዷን ለክፍሉ ከማሳየትዎ በፊት ልጅዎን ይጠይቋት። የእኔ ልጅ አልፈለገም ነበር፤ ስለዚህ 14 ቀኑን የጨረሰ ሴንሰር በአልኮል ጠርጌ፣ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ቆዳ ሥር የሚገባው እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር መሆኑን፣ መርፌውም ሲለጠፍ ተመልሶ እንደሚወጣ ባዩ ጊዜ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። ያገለገለ ሴንሰር በእጅዎ ከሌለ ይንገሩኝ፣ ከእኛ አንዱን አደርስልዎታለሁ።