መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ስለሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ናቸው። አራቱን እነሆ።

ኮሮላዬ መብራት ላይ ስቆም ይንቀጠቀጣል፤ ስነዳው ደህና ነው። መካኒኩ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ቀይሮልኝ አልተሻለውም። አሁን ሚኒሞውን ከፍ እናድርገው ይላል።

እባክዎ እሺ አይበሉት። ሚኒሞ ከፍ ሲል መንቀጥቀጡ ይደበቃል እንጂ ችግሩ አይጠፋም። ቤንዚንም በከንቱ ይበላል። መጀመሪያ በኮምፒውተር ይታይ። ፒ0301 የሚል ኮድ ከወጣ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው፤ 0303 ከሆነ ሦስተኛው። ሞተሩን አጥፍቶ የአንደኛውን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከሁለተኛው ጋር ማቀያየር ነው። ኮዱ ተሰርዞ ሞተሩ እንደገና ሲነሳ 0302 ካለ፣ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። 0301 ላይ ከቀረ ኮይሉ ነፃ ነው፤ ካንዴላው፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ከዚያ ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት) ይፈተሽ። ለዚህ ሙከራ አንድም ዕቃ አይገዛም።

ኮድ ከሌለና ነዳጅ ሲረግጡ የሚስተካከል ከሆነ፣ ሞተሩ በተሰነጠቀ ቱቦ ንፋስ እየሳበ ይሆናል። ኮፋኖውን ከፍተው ያዳምጡ። እንዲህ ያለ ቱቦ ብዙ ጊዜ ያፏጫል። ቺንጊያውና ፋኑ ግን እየዞሩ ነውና እጅዎን ያርቁ። የቆሸሸ ትሮትልም (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው) ይህንኑ ያመጣል።

ቪትዜ ዲ ላይ ሆኖ ፍሬን ስይዝ ይንቀጠቀጣል። ኤን ሳደርገው ይተዋል።

የአርፒኤም (የሞተር ዙር) ቀስቱ ካልዋዠቀ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎሚኒዎች ያስፈትሹ። ደግሞ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጡት ባለ 1.0 ሊትር ቪትዞች ሦስት ሲሊንደር ናቸው፤ ትንሽ ንዝረት ተፈጥሯቸው ነው። አዲስ የመጣ ንዝረት ከሆነ ግን በዚህ አይለፉት።

ዲኤክስ ኮሮላዬን ከድሬዳዋ አዲስ አበባ አመጣሁት። ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ሲቆም ሊጠፋ ይላል።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። እዚህ አየሩ ሳስቷል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ግን ቤንዚኑን እንደ ድሬዳዋው ነው የሚያፈሰው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ይዩ። አቧራ የጠጣ ከሆነ ይቀየር። ከዚያ ካርቡራቶሩ እዚሁ ይስተካከል።

ሞተሩ እየተንገጫገጨ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ቤት እስክደርስ ልንዳው?

አይንዱት። ብልጭ ድርግም ካለ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው እየሄደ ነው። እዚያ ያለውን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራውን) በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል፤ እሱ ደግሞ ከኮይል እጅግ ይወደዳል። ጥግ ይያዙና ያጥፉት፤ ከዚያ ያስጎትቱት።