የመረብ እርሳስ ለምን ይሸበሸባል? ውስጡስ ለምን ባዶ ይሆናል?

ከጎርጎራ የጻፉልኝ ዓሣ አስጋሪ ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው። ለመረባቸው የታች ገመድ ክብደት የሚሆን እርሳስ በቤታቸው እያቀለጡ፣ ከሁለት የብረት ግማሾች በተሠራ ፎርማ ያወጣሉ። ከሚወጣው ብዙው ላዩ የተሸበሸበ ነው፤ አንዳንዱ ጫፉ አይሞላም፤ ሲቆረጥም ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚገኝ አለ። አልፎ አልፎ የቀለጠው እርሳስ ከድስቱ ውስጥ እየፈነጠቀ ያስደነግጣቸዋል። ጥሬውን የሚያገኙት ከአሮጌ የመኪና ባትሪና ከጎሚስታ ቤት፣ አንዳንዴም ከተበጣጠሰ መረብ ላይ ከፈቱት አሮጌ እርሳስ ነው። የሚያቀልጡት በማእድ ቤት በከሰል ምድጃ ሲሆን፣ ፎርማው እንዳይዝግ ዘይት ይቀቡታል። «እሳቱን ጨምሬ እርሳሱን የበለጠ ባግለው ይስተካከል ይሆን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ እባክዎ እሳቱን አይጨምሩ። ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ ለማፍሰስም ከዚያ ብዙ መራቅ አያስፈልገውም። ከ350 እስከ 400 ዲግሪ ድረስ የሞቀ እርሳስ፣ ፎርማው ንጹሕና ትኩስ ከሆነለት፣ ጥጋጥጉን ሁሉ ሞልቶ ይወጣል። ከዚያ በላይ ሲግል ላዩ ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ ወደ ቢጫና ግራጫ ዱቄት ይለወጣል፤ ወደ 500 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ከላዩ የሚነሣው የእርሳስ ትነት በጣም እየበዛ ይሄዳል። ይህ ትነት ለዓይን ላይታይ፣ ለአፍንጫም ላይሸት ስለሚችል፣ ሰው እየተነፈሰው መሆኑን ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል።

የሙቀት መለኪያ ባይኖርዎት እንኳ የእርሳሱን ገጽ በማየት ብዙ ማወቅ ይቻላል። ላዩን በጭልፋ ጀርባ ወደ ዳር ጠርገው ይመልከቱት። ልኩ ላይ ያለ እርሳስ እንደ ብር አብረቅርቆ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ስስ ግራጫ ቆዳ ያለብሳል። ንጹሕ እርሳስ ከመጠን በላይ ከጋለ ግን በጠረጉት ቅጽበት ወርቃማ ቀለም ይይዝና ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይዞራል። ይህን ሲያዩ ድስቱን ከእሳቱ ያርቁት፤ ወይም ከሰሉን ወደ ዳር ይግፉት። የድስቱ ቂጥ በጥላ ውስጥ ቀልቶ ከታየ ከ500 ዲግሪ አልፏልና ሥራውን ያቁሙ።

የመሸብሸቡ ምክንያት ያለው ፎርማው ላይ ነው። የቀለጠው እርሳስ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊት ቆዳው ይረጋል፤ ተከትሎ የሚገባው እርሳስ በረጋው ላይ ይተኛና ያ እጥፋትና ጭምድድ ይቀራል። ዘይት ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ ትኩሱ እርሳስ ዘይቱን ወደ ጢስ ይለውጠዋል፤ ጢሱም በእርሳሱና በብረቱ መካከል ገብቶ ጫፉ እንዳይሞላ ያደርጋል። ስለዚህ ፎርማውን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ደጋግመው ያጽዱት። በተለይ ጥጋጥጉንና የሁለቱን ግማሾች መጋጠሚያ አይዝለሉ። ጋዙ ፈጽሞ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ከእሳት ያርቁት። ከዚያ የኩራዝ ነበልባል ከሥሩ ይዘው ውስጡ ስስ ጥላሸት እስኪለብስ ያጢሱት። ጥላሸቱ ሙቀቱ ወደ ብረቱ ቶሎ እንዳያልፍ ያግዳል፤ እርሳሱም ሳይጣበቅ እንዲላቀቅ ያደርጋል። የገመዱን ቀዳዳ የሚያወጣልዎትን ዘንግም እንዲሁ ያጢሱት። ዘንጉ ከአንደኛው ጫፍ ወደ ሌላው በመጠኑ እየቀጠነ የሚሄድ ሆኖ ቢሞረድ፣ እርሳሱ ሳይሰነጠቅ ይወጣልዎታል። ሥራ ሲጨርሱ ለዝገት ዘይት መቀባትዎን አልነቅፍም፤ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከማፍሰስዎ በፊት መወገድ አለበት።

ማሞቁ ቀላል ነው። እርሳሱ እስኪቀልጥ ድረስ ፎርማውን በምድጃው ዳር ያስቀምጡት። ከዚያ በጥላሸት የለበሰውን አንዱን ጥግ ለጥቂት ጊዜ በቀለጠው እርሳስ ላይ ይንከሩት። እርሳሱ በጥጉ ላይ ረግቶ ተጣብቆ ከወጣ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሳይያዝ ተንሸራቶ ከወረደ ደርሷል። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርሳሶች ተሸብሽበው ቢወጡ አይገረሙ፤ ወደ ድስቱ ይመልሷቸውና ያለማቋረጥ ማፍሰሱን ይቀጥሉ፤ ፎርማውን ሙቀቱ ላይ የሚያቆየው ሥራው ራሱ ነውና። በተቃራኒው የሚወጣው ሁሉ ላዩ አመዳይ እንደመታው ደብዝዞ ከታየ ፎርማው ወይም እርሳሱ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ለመረብ ሥራ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ግን ትንሽ ማረፍ ይገባል።

ውስጡ ባዶ የሚሆነው በሌላ ምክንያት ነው። እርሳስ ሲረጋ ከመጠኑ ከመቶ 3 ተኩል ያህል ይሰበሰባል። የሚሰበሰበውን የሚተካ እርሳስ ከላይ ካላገኘ ጉድለቱ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የፎርማዎ ማፍሰሻ አፍ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ የሚረጋው እርሱ ነው፤ የታችኛው ክፍል ገና ፈሳሽ ሳለ በሩ ይዘጋበታል ማለት ነው። አፉን እንደ ቁና ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ያድርጉትና፣ ሲያፈሱ ከሞላ በኋላም ጭልፋውን ሳያነሡ አፉ ላይ ትንሽ ክምር እስኪቀር ድረስ ያቆዩት። ያ ክምር መሐሉ ጎድጎድ ሲል ካዩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ከታች የጎደለውን እየመገበ ነው። ክምሩ ከሚያብረቀርቅ ወደ ደብዛዛ ተለውጦ ትንሽ ከቆየ በኋላ ይክፈቱት። በሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ላይ ደግሞ በመርፌ ጫፍ ጭረት የሚያህል የአየር መውጫ ቢያወጡለት፣ አየሩ እርሳሱን ሳይታገለው ይወጣል፤ ጭረቱ ቀጭን ከሆነ እርሳስ አይገባበትም። ለአያቶቻችን ነፍጥ በአፈሙዝ በኩል ይጎረስ የነበረው ድብልብል ጥይትም የሚፈሰው በዚሁ ሕግ ነበር። ውስጡ ባዶ የሆነ ጥይት አቅጣጫውን ይስታል፤ ውስጡ ባዶ የሆነ የመረብ እርሳስ ደግሞ ቀላል ስለሚሆን ገመዱ አንዱ ጋ ወርዶ ሌላው ጋ ይንሳፈፋል።

ስለ ጥሬው ጠንከር አድርጌ ልናገር፤ ባትሪውን ይተዉት። የባትሪ ሰሌዳ አብዛኛው ክፍሉ የእርሳስ ኦክሳይድና ሰልፌት ዱቄት ስለሆነ ቢያቀልጡት የሚያገኙት እርሳስ ጥቂት፣ የሚያነሡት አቧራና ጢስ ግን ብዙ ነው። አሲዱም በላዩ አለ። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር፣ ሰዎች አሮጌ ባትሪ እየሰባበሩ እርሳስ ያወጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ ብቻ 18 ሕፃናት ሞተውበታል። ባትሪውን ሳይከፍቱ ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች ይሽጡትና በገንዘቡ የተሻለ እርሳስ ይግዙበት። የአሮጌ ቧንቧና የድሮ የስልክ ኬብል ልባስ እርሳስ ከተገኘ ለስላሳና ንጹሕ ነው።

ከጎሚስታ ቤት የሚመጣው የጎማ ሚዛን መጠበቂያ ለእርስዎ ሥራ ተስማሚ ነው። በውስጡ ያለው አንቲሞኒ የሚባል ጥቂት ማዕድን ጠንከር ያደርገዋል፤ ለመረብ ይህ አይጎዳም። ይሁን እንጂ ዛሬ ከእርሳስ ይልቅ ከዚንክና ከብረት የሚሠራው እየበዛ ነው። አንድ በአንድ በፒንሳ ጠርዙ ይንከሱት፤ እርሳስ ከሆነ ይሰረጎዳል፤ ዚንክ ከሆነ ፒንሳው ይንሸራተትበታል። ትንሽ ዚንክ ቢቀልጥበት ድስቱ ሙሉ እርሳስ እየወፈረ ጓጉሎ አልፈስ ይላል፤ ጫፉም አይሞላም፤ ምናልባት የእርስዎ ያልሞሉ ጫፎች ከዚህም ሊሆኑ ይችላሉ። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ሲሆን ከእርሳስም ይቀላል፤ ስለዚህ እሳቱን ከ400 በታች ከያዙ፣ ሲለቅሙ ያመለጠዎት ዚንክ ሳይቀልጥ ስለሚሰፍ በጭልፋ ያወጡታል። እሳቱን አይጨምሩ ያልሁበት አንደኛው ምክንያትም ይህ ነው።

ከማፍሰስዎ በፊት ጥሬውን ያጥሩት። የአተር ፍሬ የሚያህል የጧፍ ቁራጭ ጣል አድርገው በደረቅ የብረት ማንኪያ ከሥር እስከ ላይ ያማስሉት፤ ሰሙ ነበልባል ሊያነሣ ስለሚችል ፊትዎን ያርቁ። ላዩ ላይ የሚሰበሰበውን ጥቁር ቆሻሻ በቀስታ ይግፈፉትና ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያስቀምጡት። ጓሮ አይድፉት፤ ዶሮም ሕፃንም የሚጭረው እርሱን ነው። ውሃም አያፍስሱበት፤ አንቲሞኒና አርሴኒክ ያለበት ቆሻሻ እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

የመፈንጠቁን ነገር በቸልታ አይለፉት። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ከመረብ ላይ የፈቱት አሮጌ እርሳስ በቀዳዳው ውስጥ የሐይቅ ውሃ፣ ጭቃና የገመድ ቁራጭ ይዞ ይቀራል። ይህን ወደ ቀለጠ እርሳስ ሲጥሉት ውሃው ከሥር ይያዝና በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። እስካሁን የፈነጠቀው ጠብታ ነው፤ ነገ ድስቱን ሙሉ ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን እርሳስ ሁሉ በባዶ ቀዝቃዛ ድስት ውስጥ አስቀምጠው ከመጀመሪያው አብረው ያሙቁት፤ በቀለጠው ላይ፣ ከፎርማው ገና ትኩስ ሆኖ ከወጣው በቀር፣ ምንም እርሳስ አይጨምሩ። መጨመር ግድ ከሆነ ድስቱን አውርደው እስኪረጋ ይጠብቁ። የተጠቀለለ ወይም የተጣጠፈ እርሳስ ካለ አስቀድመው ይክፈቱት። በክረምት ወራት ጭልፋውና ማማሰያው እንኳ እርጥበት ስለሚይዙ ከመንከርዎ በፊት እሳቱ ላይ ያሙቋቸው፤ ዝናብ በሚያስፈራበት ቀንም ሥራውን ይተዉት።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርዎ። ሥራውን ዛሬውኑ ከማእድ ቤት ያውጡት። እርሳስ በትነቱም ሆነ በዱቄቱ ወደ ሰውነት ይገባል፤ አጥንት ውስጥም ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ፅንስ ይተላለፋል። ለሕፃናት ጉዳት የማያስከትል የሚባል መጠን የለውም፤ አእምሯቸውን የሚጎዳው ምንም ምልክት ሳይታይባቸው ነው። ሊጥ በሚቦካበትና እንጀራ በሚጋገርበት ክፍል ውስጥ አመድና ዱቄቱ ከዕቃው ሁሉ ላይ ያርፋል። ከቤት ራቅ ብለው፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው፣ ልጆች በማይደርሱበት ሜዳ ላይ ይሥሩ። ድስቱ የብረት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ለምግብ ፈጽሞ አይመለስ። የአሉሚኒየም ድስት ሙቀቱ ላይ ስለሚለሰልስ፣ ጋልቫናይዝድ ባልዲም ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ አይሆኑም። በላስቲክ ጫማ አይሥሩ፤ ጠብታው ጫማውን አቅልጦ ከእግር ጋር ያጣብቀዋል። የቆዳ ጫማ፣ የቆዳ ጓንት፣ እጀ ረዥም የጥጥ ልብስና መነጽር ያድርጉ። የለበሱትን ቱታ ከቤተሰብ ልብስ ለይተው ያስጥቡ፤ እጅዎንና ጥፍርዎን በሳሙና ሳይታጠቡ እህል አይቅመሱ። መረብ ሲያበጁ እርሳስ በጥርስ የመንከስ ልማድ ካለዎትም ይተዉት። የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የደም ማነስ ካጋጠመዎት ለሐኪምዎ ከእርሳስ ጋር እንደሚሠሩ አስቀድመው ይንገሩ፤ ካልተነገረው ወደዚያ ላያስብ ይችላል።

የወጣውን እርሳስ ጠርዝ በሞረድ አይሙረዱት፤ ዱቄቱ ይበናል። በስለት ይቁረጡት፤ ሹል ጫፍ ከቀረ ክሩን ይበጥሳል፤ ስለዚህ በደንብ ይዩት። ቁራጩ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመሪያው ወደ ድስቱ ይመለስ።

ለቀጭን ገመድ ግን ማቅለጥም ላያስፈልግዎ ይችላል። ንጹሕ እርሳስ በመዶሻ ቀጥቅጠው ስስ ሰሌዳ ካደረጉት በኋላ በጣት ስፋት ቆርጠው በገመዱ ዙሪያ በፒንሳ ቢጠቀልሉት፣ ያለ እሳት በደንብ የሚይዝ ክብደት ያገኛሉ። የእጅ መታጠቡ ነገር እዚህም እንዳለ ነው። ቦታ ለማይገድብዎ መረብ ደግሞ ቀዳዳ ያለው የተጠበሰ ሸክላ ያስቡበት፤ ጎንደር አጠገብ ያሉት የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የሚቸገሩበት ሥራ አይደለም። ልዩነቱ በውሃ ውስጥ ያለው ክብደት ነው፤ 100 ግራም እርሳስ ውሃ ውስጥ ወደ 91 ግራም ይመዝናል፤ ሸክላ ግን ክብደቱ የውሃን እጥፍ ያህል ስለሆነ ግማሹን ያጣል፤ ስለዚህ የ100 ግራሙን እርሳስ የሚተካው 180 ግራም ገደማ ሸክላ ነው። መረብ ሲበጣጠስ ሸክላው ጣና ውስጥ ቢቀር ማንንም አይጎዳም፤ እርሳስ ግን የውሃ ወፎች ከጠጠር ጋር ይውጡታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አነስተኛ የማጥመጃ እርሳስ መሸጥ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነበር።